ከስንጥቁ ደጅ

ድንጋዩን «ስሌት» ይሉታል፤ ጥቁር ነው፣ ገጽ በገጽ፣ ወረቀት መሳይ፣
ጣሪያ ሆኖ ተሽጦ ያለቀ፣ ትራፊው የቀረ ገደል ላይ።
በእኔ አፍ ስሌት ሂሳብ ነው።
ቴግዌን በዚህ አትጨነቅም፤ ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቤቱ የፈረስ ጋጣ ነበረ፤ አሁን ማሽን ያጓራበታል፣
የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ እንደ በረዶ ይነጠፍበታል።
ሰባት ዓመት ሠርታበታለች፣ ወገቧ እስኪል ድቅቅ፣
ጣት ለማያስገባ ስንጥቅ፣ ሰው የምትሸከም ሽብልቅ።

ሽብልቅ ማለቴ ለአፍ እንዲመች ነው፤ ሽብልቅስ አይደለችም፤
ሽብልቅ በመዶሻ ይገባል፤ እሷ መዶሻ አታውቅም።
ሦስት ጥርሳም ቅጠሎች፣ በአንድ ዘንግ የተሰኩ፣
ቃታዋን ሲስቡት ተጣጥፈው፣ ሲለቁት ግድግዳ የሚነኩ።
ከዚያ በኋላ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦
ወደ ታች በጎተቷት ቁጥር፣ ወደ ጎን ነው የምትገፋው።
«በወደቅህ መጠን ትይዝሃለች» ትላለች ቴግዌን፣
«ክብደትህ ነው የሚያጸናት፤ እኔ ያበጀሁት ጥምዙን።»

ጥምዙን ከቀንድ አውጣ ነው የቀዳችው።
እርጥብ ግንብ ላይ አንዱን አግኝታ፣ በብርጭቆ ይዛ ገባች፣
ቅርፊቱን ወረቀት ላይ ስላ፣ ማዕዘኑን ለካች፣ ደግማ ለካች፤
ከየትም ቢነሡ፣ ቢጠብም ቢሰፋም፣ ያው ማዕዘን ይገኛል።
ቀንድ አውጣውን ጎመን ላይ ለቀቀችው፤ ጎረቤት እስካሁን ይወቅሰናል።

ችግሩ ትንሽነት ነው። ትልቁንማ ማንም ይሠራል፤
መዳፍ የሚውጥ ስንጥቅ ውስጥ ስህተትም ቦታ ያገኛል።
ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ግን፣ ብረቱ ይሳሳል፣ ዘንጉ ይቀጥናል፣
ጸጉር የምታህል ስህተት ሙሉ ሰው ታስከፍላል።

የመጀመሪያዋ ብረቷ ጠነከረ፤ ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተች።
ሁለተኛዋ ለሰለሰች፤ እንደ ቅቤ ተላጨች።
ሦስተኛዋ ውሃ ጠጥታ፣ ሽቦዋ ዝጎ፣ አልዘረጋም አለ፤
ጊቶ ቁልፉን አንጠለጠለባት፣ «ይህችስ ቤት ትጠብቅ» እያለ።

አራተኛዋ ላይ ነው ነገሩ።
ሞላው ከጥርሶቹ ጎን ነበር፣ ወርዷን የሚያሰፋው እሱ።
ቴግዌን በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ሆዳቸውን ቦርቡራ ጥርሶቹን፣
እዚያው ውስጥ ሸሸገችው ሞላውን።
ደውላ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰችኝ፤ ሰፈሩ ጭልም ያለ ነው፤
«ገባች!» አለች። «የት?» ብላት፣ ስልኩን ዘጋችው።

መጎተቻ ማሽን ላይ አስረን፣ አምስት ጊዜ ፈተንናት፤
አምስቴም ቻለች። ቴግዌን ግን ቁጥሩን አላመነችለት።
«ማሽን መዳፉ አያልበውም» አለች፣ «ዝናብም አይዘንብበትም።
ሰው ካልወደቀባት በቀር፣ ይህች ገና አልተወለደችም።»

ቅዳሜ ረፋድ፣ ሰማዩ የድንጋዩን መልክ ይዞ፣ ጊቶ ገደሉን ወጣ፤
ገመዱ በእኔ እጅ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ድረስ የመጣ።
ከታች ሁለት ያረጁ፣ የታመኑ እንደ ወዳጅ፤
ከላይ እሷ፣ ጥፍር አክላ፣ ቆማ ከስንጥቁ ደጅ።
«ልልቀቅ?» አለ።
ቴግዌን ዝም። በጫማዋ ጫፍ ጠጠር ትገፋለች።
«ልልቀቅ ወይ?»
«ልቀቅ» አልኩ እኔ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

አራት ክንድ ያህል ወደቀ።
ገደሉ ጮኸ፤ የጥርስ ፉጨት፣ የብረት ሲጢጥታ፤
ገመዱ ከመሬት አንሥቶ አንጠለጠለኝ ላንድ አፍታ፤
ከዚያ ጸጥታ።
ከዚያ የጊቶ ሳቅ ከላይ፣ እንደ ሕፃን ሳቅ የተቆራረጠ፣
ጉልበቱ የተላጠ።

ይዛለች!
እኔ ዘለልኩ። ቴግዌን አልዘለለችም፤ አልሳቀችም፤
ገመዱን ራሷ ወጣችው፤ ነቅላ ለማየት ሰው አላመነችም።
ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ነጭ ጭረት፣ የስንዴ ፍሬ ያህል ርዝመት፤
እሷ ያየችው መያዟን አይደለም፣ ከመያዟ በፊት ያለችዋን ቅጽበት።
«እዚህ ጋ ተንሸራታለች» አለች፤ አውራ ጣቷን አሻሸችበት።

ከመኪናው ኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ ጊቶ ጉልበቱን በጨርቅ እያሰረ፣
ዝናቡም እንደ ልማዱ ጀመረ፤
ቴግዌን የዳቦ ከረጢት ገልብጣ፣ በእርሳስ ቁጥር ትጽፋለች፤
«ገና ግማሽ ሚሊ ሜትር ወፍራም ናት» አለች።